ጃንሆይ የጎበኙት ፈትል ቤት፦ የምታስታውሱ ካላችሁ

የቀሃ ልጅ

ሰላም ጎንደሬዎች። ከቀሃ ወንዝ ወዲህ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን አዲስ አበባ የምኖር ሴት ነኝ። ጥያቄዬ ስለ አንድ የበጎ አድራጎት ሥራ ቤት ነው። በንጉሡ ዘመን ከቅዳሜ ገበያ ዝቅ ብሎ አንድ ግቢ ነበር። ባል የሞተባቸው፣ ጧሪ የሌላቸው፣ ከሕመም ድነው መግቢያ ያጡ ሴቶች ጥጥ ይፈትሉበታል፤ ስፌት ይሰፉበታል። ጥቂት ሸማኔዎችም በአንድ በኩል ይሠሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ፈትል ቤት» ይለዋል። እናቴ በልጃገረድነቷ እዚያ ሠርታለች።

ሰሞኑን የእሷን ዕቃ ስናደራጅ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ሴቶች እንዝርት ይዘው በተርታ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ እናቴ ከዳር ናት። በስተቀኝ በኩል ያለው ክፍል በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። ከተቆረጠው ጠርዝ ላይ የወታደር ልብስ እጅጌና የሚያብረቀርቁ ቁልፎች ቀርተዋል፤ ሰውየው ግን የለም። እናቴን ስጠይቃት «ጃንሆይ የመጡ ጊዜ የተነሣነው ነው» አለችና ሌላ ወሬ ጀመረች። ለምን ተቆረጠ ብላት መልስ የለም። እኔ እንደምገምተው በደርግ ጊዜ የንጉሡን ምስል ቤት ማስቀመጥ ስለሚያስፈራ ቆርጠው ጥለውት ይሆናል።

በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ፣ ጃንሆይ ምን እንዳዩና ምን እንደ ጠየቁ የሚያስታውስ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ያዘዞው

እኅቴ፣ ጃንሆይ አይደሉም። ወደ እኛ አገር የመጣችው የእንግሊዟ ንግሥት ልጅ ናት። አባቴ በደባርቅ በኩል በቅሎ ያከራይ ስለ ነበር ይህንን ታሪክ ሲያወራልን ነው ያደግነው። ልጅቷ የበጎ አድራጎት ሥራ ኃላፊ ስለ ሆነች እንዲህ ያሉ ቤቶችን ትጎበኝ ነበር። እጅጌው የአጃቢዋ ይሆናል።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

ያዘዞው ልጄ፣ የአባትህ ወሬ እውነት ነው፤ የሌላ ጊዜ ወሬ ግን ነው። ጎንደር ውስጥ ስለ ነገሥታት ጉብኝት ስትጠይቅ ሽማግሌዎቹ ሁሉንም በአንድ ድስት ያበስሉታል፤ እስቲ ልለያያቸው። ንግሥት ኤልሣቤጥ ከባለቤታቸው ከልዑል ፊሊፕ ጋር ኢትዮጵያ የገቡት በጥር መጨረሻ 1957 ዓ.ም. ነው፤ ጢስ ዓባይንም ያዩት በዚያ ጉዞ ነው። የሆላንዷ ንግሥት ዩሊያና የመጡት በ1961 ነው። አባትህ በቅሎ ያከራየላት ልዕልት አን ደግሞ በ1965 መጥታ የሰሜን ተራሮችን በበቅሎ ዞራለች። በዚያ ጊዜ የእንግሊዙ የሕፃናት አድን ድርጅት ፕሬዚዳንት ስለ ነበረች «የበጎ አድራጎት ኃላፊ» የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። ወደ ፈትል ቤት የመጡት ግን ጃንሆይ ናቸው። እኔ ነበርሁ።

እንዴት እዚያ እንደ ደረስሁ ልንገራችሁ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ሲከፈት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ ርዳታ እጃቸውን አስገብተውበታል። ጎንደር የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት ከዚያ ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የወረደው የወባ መቅሠፍት ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር፤ ትምህርቱም ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ሳይሆን ሦስቱም ሙያ በቡድን ሆኖ ገጠርና ሰፈር እየወጣ የሚሠራው ነበር። የኔ ቡድን ከደረሱት ቦታዎች አንዱ ይህ ፈትል ቤት ነው። ንጉሡ የሚመጡ መሆኑ ሲሰማ «ልምምድ» የሚባለው ነገር ተቀየረና ሁላችንም የቤት ጠጋኝ ሆንን። መጸዳጃ ቤት ቆፈርን፤ የጉድጓዱን ውኃ አከምን፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባን። ጥጥ የሚዳመጥበት ክፍል በብናኝ የተሞላ ስለ ነበር መስኮት እናውጣለት ብለን ብዙ ጊዜ አመልክተን ሰሚ አላገኘንም፤ በዚያ ሳምንት ግን አናጢው ሳይጠራ መጣ። መስኮቱ የተከፈተው ለጃንሆይ ነው፤ ሳላቸው የቀለለው ግን ሴቶቹ ናቸው። ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል።

ከሁሉም የማልረሳው ልምምዱን ነው። ሴቶቹ በተርታ ይቀመጣሉ፤ ሲታዘዙ ይነሣሉ፤ እጅ ይነሣሉ፤ ይቀመጣሉ፤ እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ንጉሥ ሆኖ የሚገባ ሰው ስላስፈለገ የግቢው ዘበኛ ተመረጠ። ይህ ሰው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የድሮ ልብሱን ከሣጥን አውጥቶ፣ ቁልፎቹን በአመድ ወልውሎ፣ ጢሙን አስተካክሎ መጣ። እንዴት ያለ ግርማ ነበረው! ሴቶቹ ሣቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ጉብኝቱ ሲቃረብ ግቢውን ሊያይ የመጣ አንድ የፖሊስ መኮንን ልብሱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት በክብር ዘበኛ እንደ ተነሣ አትርሱ። ሰውየው በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ በር ይጠብቅ እንደ ነበር ማን ይስማው? አውልቅ ተባለ፤ በዋናው ቀንም ከግቢው ጀርባ እንጨት ፈልጥ ተብሎ ተላከ።

ነጭ ልብሱም የተዋሱት ነው። ከጉብኝቱ በኋላ ተቆጥሮ ተመልሷል።

የ66 ልጅ

ይህ መድረክ ስለ ንጉሡ በተነሣ ቁጥር እንባ የሚያወጣው ነገር ይገርመኛል። እርስዎ ራስዎ እኮ ነገሩን ጽፈውታል፤ መስኮት ለማስከፈት ንጉሠ ነገሥት መምጣት ነበረበት። ድሀ ሴቶች የተዋሱትን ልብስ ለብሰው እንዲሰግዱ ይለማመዳሉ፤ ፎቶ ይነሣል፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። በ1965 እና በ1966 ወሎና ትግራይ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ ያ ሁሉ በጎ አድራጎት የት ነበር? ገባሩ ካመረተው እየተነጠቀ፣ ከተነጠቀው ላይ ቁራሽ ሲመለስለት «አባታችን» ይላል። እኔ የምጠይቀው የሴቶቹን የቀን ክፍያ ነው። ስንት ነበር? ማን ይከፍላቸው ነበር?

የአደባባይ ኢየሱስ ጎረቤት

ልጄ የ66፣ ያልከው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሌለህበት ቤት አትፍረድ። የእናቴ ታናሽ እኅት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ያረጀችው። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች ርስቱን ወሰዱባት፤ ሁለት ልጅ ይዛ ከወገራ በእግሯ ጎንደር ገባች። ጠላ ቤት ከምትቀጠር ወይም ደጀ ሰላም ከምትቀመጥ ፈትል ቤት ገባች። ክፍያው በቀን አልነበረም፤ በፈተሉት ልክ ነው። ወፍራም ፈትል ርካሽ ነው፤ ለቀጭኑ ይጨመራል። ሳምንት ሳምንት ይመዘናል፤ ሚዛኑ ላይም ሁልጊዜ ጠብ ነበር። እንዲያም ሆኖ ልጆቿን ከዚያው አስተምራለች።

ሥራውንም ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጥጡ ከቆላ፣ ከመተማና ከሁመራ በኩል ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይለቀቃል፤ ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለው ልቃቂት ይሆናል። አክስቴ በምሽት በኩራዝ እንኳ ዐይኗን ሳታሳርፍበት ትፈትል ነበር፤ ክሩ ሲቀጥን ጣቷ ይነግራታል። የአንዷ ፈትል ከሌላዋ እንደ እጅ ጽሑፍ ይለያል።

ጃንሆይ ምን ጠየቁ ለሚለው እኔ የሰማሁት በሦስት መልክ ነው። አክስቴ ስለ ልጆቿ ትምህርት ጠየቁኝ ትላለች። ጎረቤቷ የነበረችው ሴት ስለ ጥጡ ዋጋ ነው የጠየቁት ትል ነበር። ሌላዋ ደግሞ ምንም አልጠየቁም፣ እያዩ አለፉ ትላለች። ሦስቱም በአንድ ተርታ ላይ ነበሩ! ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለ ነበር አጠገባቸው ላልቆመ ሰው አይሰማም፤ እንዲያ ባለ ጊዜ ደግሞ ሰው የሚሰማው ሊሰማ የፈለገውን ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ይስማማሉ፤ ኩታ ተበርክቶላቸው ሄዱ።

አስጎብኚው

ጥሩ ውይይት ነው፤ ዘግይቼ በመግባቴ ይቅርታ። ፋሲል ግቢ ውስጥ አስጎብኚ ነኝና የፎቶግራፉ ነገር ሳበኝ።

እኅታችን፣ የእጅጌውን ሁኔታ ከጻፍሽው ስነሣ የክብር ዘበኛ ልብስ ይመስለኛል። ይህ ማለት ከንጉሡ የቅርብ አጃቢዎች አንዱ፣ ምናልባትም ከጎናቸው የቆመው ነው። ስለዚህ ከተቆረጠው ክፍል ውስጥ ጃንሆይ የመኖራቸው ነገር አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። ጎንደር ሲመጡ ራስ ግምብ ያርፉ ነበር። ከአዘዞ አየር ማረፊያ ሲገቡ መንገዱ ላይ ተማሪዎች ባንዲራ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ካህናቱ ጃንጥላ ዘርግተው ይወጣሉ፤ ማመልከቻ የያዘው ባለጉዳይም «አቤት ጃንሆይ!» እያለ መኪናው ፊት ይደፋል። ያው ራስ ግምብ በኋላ በደርግ ዘመን ሰዎች የታሰሩበትና የተሠቃዩበት ቦታ ሆነ። ስለዚህ ፎቶው ለምን በመቀስ እንደ ተቆረጠ የጎንደር ሰው አይጠይቅም። ከመስከረም 2 ቀን 1967 በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ ፎቶ ተቃጥሏል፤ ተቀብሯል፤ ከግድግዳ ልስን በስተጀርባ ተደብቋል። እኔ ራሴ የተቆራረጡ ፎቶዎች አይቻለሁ።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። አንደኛ፣ ፎቶውን በፕላስቲክ አትጠቅልዪው፤ ይጣበቃል። በንጹሕ ወረቀት መሐል አድርገሽ ደረቅ ቦታ አኑሪው። ሁለተኛ፣ ጀርባውን እይ። የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቀን ሊኖር ይችላል። እናትሽ ቢፈቅዱ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ለሙዚየም ቢሰጥ ትልቅ ቅርስ ነው።

የቀሃ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጡረተኛው ጤና መኮንን በተለይ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀርባው ላይ ማኅተም የለም፤ ሙጫ ብቻ ነው።

የጻፋችሁትን በስልክ ለእናቴ እያነበብሁላት ነው። የልምምዱ ታሪክ ላይ ስንደርስ በጣም ሣቀች። የኩታው ነገር ላይ ስንደርስ ግን ዝም አለች። ቆየችና ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። እንደ ነገረችኝ ልጻፈው።

እናቴ በዚያን ጊዜ የታጨች ልጃገረድ ናት። ቀን ለፈትል ቤቱ ትፈትላለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ ለራሷ ትፈትላለች። የማታው ፈትል ለሠርጓ ቀሚስና ለባሏ ኩታ የሚሆን ነው። ጥጡን በገዛ ገንዘቧ ከቅዳሜ ገበያ ትገዛለች፤ ምርጡን ባዘቶ ትለያለች። ልቃቂቱ ሲጠራቀም ቤታቸው አይጥ ስላስቸገረ የፈትል ቤቱ ሣጥን ውስጥ በአደራ አስቀመጠችው። ጉብኝቱ ሲመጣ ለጃንሆይ እጅ መንሻ የሚሆን ኩታ ይሠራ ተባለ። ከፈትል ቤቱ ክር ውስጥ ለንጉሥ የሚመጥን ቀጭን ፈትል አልተገኘም፤ ሣጥኑ ሲከፈት የእናቴ ልቃቂት ተገኘ። የሥራ ቤቱ ተቆጣጣሪ የነበረች ሴት ወስዳ ለሸማኔ ሰጠችው። እናቴ የሰማችው ኩታው ከተሸመነ በኋላ ነው። ስትጠይቅ «ፈትልሽ ለንጉሠ ነገሥት ትከሻ ሲታጭ ታለቅሻለሽ እንዴ?» ተባለች። ክፍያ ይሰጥሻል ተባለ፤ አልተሰጣትም። ሠርጓ ከገበያ በተገዛ ቀሚስ ሆነ።

«ታዲያ ጃንሆይ ኩታውን ሲቀበሉ አይተሻል ወይ?» አልኋት። አይታለች። ለአጃቢ አሳልፈው ሰጡት አለች። አልተዘረጋም፤ አልለበሱትም። እንደ ታጠፈ ሄደ።

የ66 ልጅ

ይኸው! ከዚህ በላይ ምን ልጻፍ? አገሪቱ እንዴት ትተዳደር እንደ ነበር በአንድ ኩታ ተነገረ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

ልጄ የ66፣ እጅ መንሻ የጃንሆይ ፈጠራ አይደለም፤ ባዶ እጅ ወደ ጌታ ፊት አይቀረብም የሚለው ልማድ ከእሳቸው በፊት የኖረ ነው። ፈትሉን የወሰደችውም ተቆጣጣሪዋ እንጂ እሳቸው አይደሉም፤ ቢያውቁት ይመልሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህንን ስል የእናቷን ሐዘን ለማቃለል አይደለም። በዚያ ግቢ ውስጥ ውዬ ይህንን ሳልሰማ መቅረቴ ራሱ ያሳዝነኛል፤ እኛ ተማሪዎቹ የጉድጓዱን ጥልቀት ስንለካ ሣጥን ውስጥ ያለውን ማን ጠየቀ?

ከጉብኝቱ በኋላ የመጣውን ግን ልጨምር። የቧንቧ ውኃ ገባ፤ የዋናው አዳራሽ ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ። ሁለቱም የተፈጸሙት ከጉብኝቱ ማግሥት ሳይሆን በርካታ ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ነው። ያኔ የደብዳቤው ሁሉ መጀመሪያ «ግርማዊነታቸው በጎበኙት ሥራ ቤት» የሚል ነበር፤ ያ ሐረግ በር ይከፍት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ግቢው ለኅብረት ሥራ ማኅበር ተሰጠ፤ በኋላም ተበተነ።

የ66 ልጅ

«ቢያውቁት ይመልሱ ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከአባቴም ሰምቼዋለሁ፤ አባቴ የሚለው ግን ስለ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበር። እዚህ ላይ ላቁም፤ ከእርስዎ ጋር መጣላት አልፈልግም።

ባለ መወርወሪያው

ሁላችሁም ስለ ፈትል ታወራላችሁ፤ ሸማኔውን ግን አንድ ሰው አልጠየቀም። የአባቴና የአያቴ ሙያ ስለ ሆነ ያበሳጨኛል። ሸማኔ ባይኖር ልቃቂቱ ልቃቂት ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያ ዘመን ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ የሚሰደብ፣ ርስት የማይደርሰው፣ ልጁን ለመዳር የሚቸገር ሰው ነበር። ንጉሡ የሚለብሱትን ይሠራል፤ ንጉሡ ሲመጡ ግን ተቀምጦ የሚሸምንበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ከደረቱ በላይ ብቻ ይታያል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በዚያ ጊዜ የፋብሪካ ድር ገበያ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ መሸመን ተለምዷል። የእናታችን ፈትል ግን ለራሷ ሠርግ የታሰበ ከሆነ ድሩም ማጉም የእጅ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ያለው ክር ሲወጠር ይበጠሳል፤ እርጥበት ይፈልጋል፤ ሸማኔው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሠራው። ጉብኝት ደረሰ ተብሎ ሲጣደፉበት ደግሞ አስቡት። ያንን ኩታ የሠራው ሰው ሌሊት በኩራዝ ሠርቶ መሆን አለበት። እኅቴ፣ እናትሽ ስሙን ባያስታውሱ እንኳ የየት ሰፈር ሰው እንደ ነበር ብትጠይቂልኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ጥለቱ ምን ዓይነት ነበር?

የቀሃ ልጅ

እናቴ አሁን እያንዳንዱን መልስ ካላነበብሁላት ስልኩን አትዘጋም። የምትለውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ ቁጣውም የእሷ ነው።

ለባለ መወርወሪያው፦ ሸማኔው ከወለቃ በኩል የሚመጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ፈትሉ የእሷ እንደ ሆነ ሲያውቅ አፍሮ ይቅርታ የጠየቃት እሱ ብቻ ነው። ከወጠረው ተርፎ የቀረውን ክር ጠቅልሎ መልሶላታል፤ በዚያ ክር የመጀመሪያ ልጇን፣ ማለትም የእኔን ታላቅ እኅት፣ ማቀፊያ አሠርታበታለች። ጥለቱ ቀጭን ቀይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ብቻ።

ለየ66 ልጅ፦ «ጃንሆይን አትስደብ፣ እኔም አላሞግሳቸውም፤ ክሬን ግን አላመሰግንበትም» በይው ብላለች።

ለጡረተኛው ጤና መኮንን፦ መስኮቱን ታስታውሳለች። ቀጭን፣ መነጽር ያለው፣ ኖራ ሲቀባ ከራሱ ላይ ያፈሰሰው ተማሪ እርስዎ ነዎት ወይ? ትላለች።

አሁን ወደ ፎቶው። አስጎብኚው የጻፈውን ስለ ክብር ዘበኛው ሳነብላት «ትክክል ነው፣ የክብር ዘበኛ ልብስ ነው» አለች። ደስ ብሎኝ «ታዲያ ከጎኑ ያሉት ጃንሆይ ናቸዋ!» ስላት እንደገና ሣቀች። ፎቶው የተነሣው በልምምዱ ቀን ነው። በዋናው ቀን ከቤተ መንግሥት ሰዎች በቀር ካሜራ የያዘ ሰው አልተፈቀደለትም። እጅጌው የዘበኛው ነው! ከዘበኛው ጎን የቆመችው ደግሞ ተቆጣጣሪዋ ናት። መቀሱን ያነሣችው እናቴ ራሷ ናት፤ ያነሣችውም በደርግ ጊዜ ሳይሆን ጉብኝቱ ባለፈ ሰሞን፣ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። «ፊቷን እያየሁ ልኖር ነው?» አለችኝ። ዘበኛው መሐል ስለ ቆመ አብሮ ተቆረጠ፤ በእሱ ታዝናለች፤ ደግ ሰው ነበር፤ እጅጌውን ያስቀረችው ለዚያ ነው።

አስጎብኚው

ኧረ እኔ ለጎብኚ ስነግረው ምን ልል ነው? «ይህ የምታዩት የንጉሠ ነገሥቱ ተለማማጅ እጅጌ ነው»?

ሙዚየሙ አሁንም ይፈልገዋል ባይ ነኝ። እንዲያውም አሁን ይበልጥ ይፈልገዋል።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

ኖራ ያፈሰሰው እኔ አይደለሁም፤ ጓደኛዬ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። መነጽሩ ግን የኔ ነው። ለእናትሽ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ።

የአደባባይ ኢየሱስ ጎረቤት

እኅቴ፣ ተቆጣጣሪዋን እኔም አስታውሳታለሁ፤ ስሟን አላነሣም፤ ዘሮቿ ሰፈራችን ውስጥ ናቸው፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው። እናትሽን ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ኩታውን ዛሬ ቢያዩት ያውቁታል ወይ? እንዲህ የምለው አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የጃንሆይ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ስለ ሆነ ነው። መኝታ ክፍላቸውና ልብሳቸው እዚያ ይታያል። ልጄ ወስዳኝ አይቻለሁ።

የቀሃ ልጅ

ጠየቅኋት። «ፈትሌን በጨለማ በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያበረክትላቸው ኩታ ስንት ነበር፣ የኔው እዚያ ይገኛል ብዬ ግን አልጠብቅም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ መልሳ ደወለች፤ መስተዋት ውስጥ ነው ወይስ ይነካል ብላ ጠየቀችኝ።

የፎቶውን ቅጂ ለጎንደር ሙዚየም ትሰጣለች፤ ዋናውን አትሰጥም። አስጎብኚው በውስጥ መስመር አድራሻህን ላክልኝ። የሚቀጥለው ወር ለዐይኗ ሕክምና አዲስ አበባ ስለምትመጣ ስድስት ኪሎ ልወስዳት አስቤአለሁ። ጉልበቷ ያማታል፤ እዚያ ደረጃ ይበዛል?

የአደባባይ ኢየሱስ ጎረቤት

ደረጃ አለው፤ ሙዚየሙ ፎቅ ላይ ነው። ከዋናው በር እስከ ሕንፃው ያለው መንገድም ለእኛ ዕድሜ ቀላል አይደለም። በጠዋት ውሰጂያት፤ ዛፎቹ ሥር መቀመጫ አለ፤ እያረፋችሁ ሂዱ። ልብሱ መስተዋት ውስጥ ነው፤ አይነካም፤ እሱን አስቀድመሽ ንገሪያት፤ አለዚያ ከጠባቂዎቹ ጋር ትጣላለች።